በእጁ የሚጣራው ሎዲ

ሎዲ ሲወለድ ለቅሶው ከባሕሩ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰማ ይባላል። አዋላጇም፣ «ይሄ መረብ ጎታች አይደለም፣ መረብ አስጎታች ነው» አለች ይላሉ። እውነት ይሁን ኋላ የተጨመረ ወሬ የሚያውቅ የለም። ብቻ በሳፓሩዋ ደሴት፣ በዋይላቱ መንደር፣ ስለ ሎዲ ድምፅ ያልተወራ ነገር አልነበረም። ሙሉ ስሙ ሎዴቪክ ነው፤ በዚያ ስም የሚያውቀው ግን የጥምቀት መዝገቡ ብቻ ነበር።

መንደሩ አንዲት ትልቅ የመረብ ጀልባ አለችው። ዐሥራ አራት ሰው ይሳፈርባታል። መረቡ የዓሣውን መንጋ ከከበበ በኋላ ዐሥራ አራቱም እኩል ካልጎተቱ አንዱ ጫፍ ይላላና ዓሣው በዚያ ሾልኮ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ይጣራል፤ በእሱ ድምፅ ይጎተታል፣ በእሱ ድምፅ ይታረፋል። ያ ሰው የመረቡ አለቃ ይባላል። ሎዲ ሃያ ሁለት ዓመት አለቃ ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚያነሣው እሱ ነው። አንድ ዓመት ኦርጋኑ ተበላሽቶ፣ መበላሸቱን ሰው ልብ ያለው ከሁለት ወር በኋላ ነበር።

በሃምሳ ስድስት ዓመቱ ድምፁ ሻከረ። የባሕር ነፋስ ነው አለ። ዝንጅብል አፍልቶ ጠጣ፣ ቅርንፉድ አኘከ፣ አልሻል ሲለው ዝም ብሎ መጣራቱን ቀጠለ። ሚስቱ ፊና ዓሣ በቅርጫት ተሸክማ ከመንደር መንደር እየዞረች የምትሸጥ፣ ከገዢ ጋር ተከራክራ ተረታ የማታውቅ ሴት ናት። ስምንት ወር ታገሠችው። በዘጠነኛው ወር አንድ ጠዋት ልብሱን በሻንጣ ከትታ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችና፣ ወይ ይህን ሻንጣ ይዘህ አምቦን ከተማ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ወይ ይህንኑ ይዘህ እናትህ ቤት ትገባለህ አለችው። እናቱ ከሞተች ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ስለዚህ አምቦንን መረጠ።

የአምቦኑ ሐኪም አየውና ወደ ማካሳር ትልቅ ሐኪም ቤት ላከው። እዚያ ጉሮሮው ውስጥ የበቀለው ዕጢ ክፉ መሆኑን፣ ሕይወቱ እንዲተርፍ ማንቁርቱ እንዳለ መውጣት እንዳለበት፣ ድምፁም አብሮ እንደሚሄድ ነገሩት። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ሊገባ ሲል ነርሷ፣ ለባለቤትዎ የሚሉት ነገር ካለ አሁን ይበሉ አለችው። ሎዲ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ትንሽ አሰበና፣ «ዝናቡ ሳይገባ ጀልባዋን ቀለም ቀቧት በያቸው» አለ። ፊና ይህን እስከ ዛሬ አልማረችለትም። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ የመጨረሻ ቃሉ ለኔ የቀለም ትእዛዝ ሆነ እያለች ለጎረቤት ታወራለች፤ እያወራችም ትስቃለች፤ ከሣቀች በኋላ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ዳነ። ተመልሶ ሲመጣ ታዲያ የሚተነፍሰው አንገቱ ሥር በተከፈተች ቀዳዳ ነበር፤ ቀዳዳዋን ፊና በሰፋችለት ስስ ጨርቅ ይሸፍናታል። በዚያች ቀዳዳ ውሃ ከገባ የሚወርደው በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው። ዋና ቀረ፣ ጀልባም ቀረ። ሐኪሙ ከባሕር ተጠንቀቅ ብሎ ነበር፤ ፊና ደግሞ የሐኪሙን ምክር ሕግ አደረገችው፤ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ውሃ እንዳይነካው። ለንግግሩ የተማሪ ደብተርና እርሳስ ገዛችለት። እሷ ራሷ ከንፈሩን አይታ ትረዳዋለች፤ ሌላው ሰው ግን እስኪጽፍ መጠበቅ ነበረበት።

ሰውም መጠበቅ አይወድም። አንድ ቀን በባሕሩ ዳር መረብ ሲጠግን አንድ ሽማግሌ አጠገቡ ቆሞ፣ ካህኑ ዘካርያስ እንኳ ዲዳ ሆኖ በዘጠኝ ወሩ አንደበቱ ተፈታ፣ አንተስ ስንተኛ ወርህ ነው ብሎ ቀለደበት። ዙሪያው ሁሉ ሣቀ። ድሮ ቢሆን ሎዲ ለአንዱ ቀልድ ሦስት የሚመልስ ሰው ነበር። ደብተሩን ገልጦ እርሳሱን ሲያሾል ሽማግሌው ሄዶ ነበር። ነገር ደግሞ ትኩሱን ካልመለሱት ምን ጣዕም አለው?

አለቅነቱን የያዘው የፊና ታናሽ ወንድም ያፌት ነው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ከሎዲ ጎን ሆኖ የቀዘፈ፣ ትሑት፣ ነገር የማያበዛ ሰው። በያዘ በሳምንቱ ዓሣ የተሰካበት ዘንግ ሎዲ ደጃፍ ላይ ሰቅሎ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። መጀመሪያ ሎዲ በላ። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት ሴቶች በአጥሩ ሥር ሲያልፉ፣ ያ የማን ነው ስትል አንዷ፣ የበሽተኛው ድርሻ ነዋ ብላ ሌላዋ ስትመልስ ሰማ። ዓሣውን አውርዶ በራሱ እግር ወስዶ ያፌት በር ላይ ሰቀለው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ መለሰ። ፊናም የወንድሟ ዓሣ በደጇ እያለፈ፣ ለራሷ እራት ከሌላ መንደር ዓሣ ትገዛ ጀመር። ዓሣ ሻጭ ዓሣ ስትገዛ ያየ ሁሉ ጉድ አለ።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ መጋቢ ኖርቼ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ናት፤ የአምቦን ከተማ ልጅ። ዕድሜዋ ትንሽ ቢሆንም መንደሩ ሁሉ ኢቡ፣ እናት፣ ነው የሚላት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ እሁድ ስለ ሰባቱ ደቀ መዛሙርት ሰበከች፤ ሌሊቱን ሲደክሙ አድረው ባዶ መረብ እንደያዙ፣ ሊነጋጋ ሲል አንድ ሰው ከዳርቻው ሆኖ መረባችሁን በቀኝ በኩል ጣሉ እንዳላቸው፣ ከዚያም መረቡን መጎተት እስኪያቅታቸው እንደያዙ። ጥሩ ሰበከች። መጨረሻ ላይ ግን፣ ትምህርቱ ድምፅን መስማት ነው፣ ድምፅ የሌለው እረኛ መንጋ የለውም አለች። እንዲያው ለማሳመር ያመጣችው ነገር ነበር። ሎዲ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ተነሥቶ በመካከል አልፎ ወጣ። የሁለት መቶ ሰው ዓይን ተከተለው። ፊና ፊቷ እንደ ፍም ቀልቶ እስከ ቡራኬው ድረስ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ሰኞ ጠዋት መጋቢ ኖርቼ ራሷ መጣች። ሎዲ ከዳቦ ፍሬ ዛፉ ሥር መረብ ሲጠግን አገኘችው፤ ከቀርከሃው መደብ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ሳታቅማማ ይቅርታ ጠየቀችው። ቃሌን ሳሳምር ሰሚዬን አላየሁም ነበር አለችው። ሎዲ መርፌውን አስቀምጦ ደብተሩን ገለጠ። «ተቆጥቼ አልወጣሁም፤ አፍሬ ነው» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም፣ «ደግሞ ስለ ዓሣ ሲሰብኩ ዓሣ አጥማጅ ይጠይቁ።»

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅ» አለች።

ከዚያ በኋላ እሱ ሲጽፍ፣ እሷ በትከሻው በኩል አጎንብሳ ስታነብ ፀሐዩ ከፍ አለ። በሌላኛው ወንጌል ላይ፣ በሉቃስ፣ ጴጥሮስ በቃሉ መረቡን ጥሎ ዓሣው ከመብዛቱ የተነሣ መረቡ ሊቀደድ ሲደርስ፣ በሌላው ታንኳ የነበሩትን ጓደኞቹን እንዴት እንደጠራቸው ያስታውሳሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጠሩአቸው ነው የሚለው አለች። አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ። መጽሐፏን ገልጣ ፈለገች፤ ጠቀሱ ይላል። ስንት ጊዜ አንብባዋለች፤ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም።

«ለምን ጠቀሱ?» አለች።

ሎዲ ረጅም ጻፈ። «የከበደ መረብ የያዘ ሰው ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም። እጁም ተይዟል። በአናቱ ነው የሚጠቅሰው፣ በዓይኑ። ጓደኛ ከሆነ ይገባዋል። ካልሆነ ብትጮኺለትም አይመጣም።» እርስዎ ማለቱን በመካከል ረስቶት ነበር፤ እሷም ደስ አላት።

ከዚያ እሷ ስለ ዳርቻው ሰው ጠየቀች። ከባሕር ላይ ያሉት ያላዩትን ዓሣ እሱ ከመሬት ሆኖ እንዴት አየው? ይህማ ቀላል ነው አለ ሎዲ በጽሑፉ። ጀልባ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ውሃውን በአግድም ነው የሚያየው፣ ብርሃኑም ዓይኑን ይወጋዋል፤ ከፍ ካለ ቦታ ያየ ሰው ግን የመንጋው ጥላ ሲሄድ ይታየዋል። ታዲያ ተአምር አልነበረም ማለት ነው ወይ አለችው፤ ለመፈተን ሳይሆን ልታውቅ ፈልጋ።

«ዓሣ ምንጊዜም ተአምር ነው» ብሎ ጻፈ። «እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በመከራው ቀን ጥለውት የሸሹ ሰዎች ናቸው። እሱ ግን እሳት አንድዶ ጠበቃቸው።»

መጋቢ ኖርቼ ይህን አንብባ ደብተሩን መለሰችለት። ልትሄድ ስትነሣ አንድ ነገር ብቻ አከለች። በዚያ እሳት ላይ አስቀድሞ ዓሣ ተጠብሶ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ፣ አሁን ከያዛችሁት አምጡ ነው ያላቸው። ዓሣ እያለው የእነሱን ምን አደረገለት ብላ ጠየቀችው። ሎዲ ጥያቄዋን በደብተሩ ግርጌ ጻፈው።

መልሱን የሰጠችው ማታ ፊና ነበረች። ከዘንባባ ግንድ ዱቄት የሚሠራውን የሳጎ ገንፎ በቢጫ የዓሣ ወጥ እየበሉ ሳለ ኢቡ ምን አለችህ ብላ ደብተሩን ገልጣ አነበበች። ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «ሁሉ የሞላለት እሱ የሰው ዓሣ ተቀበለ» አለችው። «አንተ ቤሳ እንኳ የሌለህ፣ የወንድሜን ዓሣ ትመልሳለህ።» ሎዲ እራቱን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ግን በሩን አላላተመም፤ ፊና ይህን በልቧ ያዘች።

ቅርንፉድ ደረሰ። የፊና አባት ያወረሷት ዛፎች ወደ ባሕሩ ዘልቆ በገባው ኮረብታ ላይ ናቸው፤ ከዚያ ሆኖ ወሽመጡ በሙሉ እንደ መዳፍ ይታያል። ሎዲ ዛፍ መውጣቱን ስለተወ የረገፈውን እየለቀመ፣ የተለቀመውን በምንጣፍ ላይ እያሰጣ ይውላል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ቀና ሲል ውሃው ላይ ጥላ አየ። የደመና ጥላ መሰለው፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ጥላው ከነፋሱ በተቃራኒ እየሄደ፣ ሲሰፋ፣ ሲጠብ፣ መልሶ ሲሰፋ ተመለከተ። ሞማር ነው፤ ባለ ሰማያዊ ጀርባው ዓሣ፤ እንዲህ ያለ መንጋ ከአራት ዓመት ወዲህ አልታየም። የመንደሩ ጀልባ ደግሞ ከወሽመጡ ሌላ ጫፍ ቆማለች፤ ዐሥራ አራቱም ሰዎች ጀርባቸውን ለዓሣው ሰጥተው ወደ ክፍቱ ባሕር ያፈጣሉ።

ሎዲ አፉን ከፈተ። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ አፍ ነው፤ ተከፈተ እንጂ የወጣ ነገር የለም። ሸሚዙን ቀደደው ለማለት በሚያስደፍር ፍጥነት አውልቆ ከቋጥኙ ጫፍ ላይ ወጣና በሁለት እጁ ያወዛውዝ ጀመር።

ከጀልባዋ ላይ አንዱ አየው። ያፌት ዞረ። ሞተሩ ተነሣ፣ ጀልባዋ አረፋ እየረጨች በቀጥታ ወደ ኮረብታው መጣች፤ በዓሣው መንጋ መሐል ሰንጥቃ። ሎዲ፣ ኧረ ቀስ፣ ኧረ በዚያ በኩል፣ ለማለት እጁን ባወናጨፈ ቁጥር ሞተሩ ባሰበት። ጥላው ሁለት ላይ ተከፈለ፣ ተበተነ፣ ከወሽመጡ ወጥቶ ጠፋ።

ያፌት ኮረብታውን በሩጫ ሲወጣ ጫማ እንኳ አላደረገም ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኡሲ ፊና ምን ሆነች?» አለ። ታላቅ እህቱን የሚጠራት እንዲህ ነው። «ሞተች?»

ሎዲ ደብተሩን ከቅርንፉዱ ምንጣፍ ላይ አንሥቶ አንድ ቃል ጻፈና አሳየው። ያፌት ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዓሣ?» አለ። እዚያው ቅርንፉዱ ላይ ተቀመጠ። «ቡ ሎዲ፣ የኔ ወንድም፣ እኔ እኮ ልቤ እዚያ ታች ወድቃለች። ለዓሣ ነው?»

በዚህ ጊዜ ሌሎቹ እያለከለኩ ደረሱ። ነገሩ ሲገባቸው ከፊሉ ተሳደበ፣ ከፊሉ ራሱን ያዘ። ከዚያ አንዱ፣ እኔ እኮ ለቅሶ ላይ የምለብሰውን ጥቁር ሸሚዝ ለማን እንዳዋስኩት እያሰብኩ ነው የመጣሁት አለ። ሣቅ ተነሣ። ሎዲም ሣቀ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ላይ ያለችው ጨርቅ ብድግ ብድግ ትላለች። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲሥቅ ያየው አልነበረም፤ ስለዚህ የሎዲን ጨርቅ ባዩ ቁጥር እንደ አዲስ ሣቁ።

ሰዎቹ ሲወርዱ ያፌት ቀረ። ቅርንፉድ በጣቱ እያገላበጠ፣ ሎዲን ሳያየው መናገር ጀመረ። አምስት ሳምንት ሙሉ ለቤታቸው እንኳ የሚበቃ እንዳልያዙ፣ እሱ ሲጣራ ሰዎቹ እኩል እንደማይጎትቱ፣ በየማለዳው ጀልባዋ ላይ መውጣት እንደሚያስጠላው ነገረው።

«ዓሣውን ስትመልስብኝ ደግሞ» አለ፣ «ቦታዬን ሰርቀህ ትርፍራፊ ታመጣልኛለህ ያልከኝ መሰለኝ።»

ሎዲ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ጻፈ። «እኔ ምጽዋት መስሎኝ ነው። ቦታውን ስታገኝ ደስ ያለህ መስሎኝ ነበር።»

«ደስ?» አለ ያፌት። «እኔን?»

ተያዩ። አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሁለቱም አንዱ ሌላውን እንደጠላው አምነው፣ በአንድ መንገድ ላይ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ሲተላለፉ ኖረዋል። ነገሩ ሁሉ በሁለት መስመር እርሳስ አለቀ። ያፌት ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና፣ ለመሆኑ ዓሣው በየት በኩል ነበር ብሎ ጠየቀ።

በዚያው ሳምንት ምልክት አወጡ። ፊና አሮጌ ቀይ ሽርጧን ሰጠች፤ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ አሰሩት። ወደ ጎን ሲዘረጋ ወደዚያ ሂዱ፣ ቀጥ ሲል ቁሙ፣ በክብ ሲዞር መረቡን ጣሉ፣ መሬት ላይ ሲተኛ ሞተር አጥፉ። ትልቁ ክርክር ስለ ቀኝ ነበር። ጀልባዋ ወደ ኮረብታው ፊቷን ስታዞር የሎዲ ቀኝ የእኛ ግራ ነው አሉ። አንዱ፣ ጴጥሮስ በቀኝ ጣሉ ሲባል የማን ቀኝ ብሎ አልጠየቀም አለ። ሌላው፣ ጴጥሮስ ካንተ ጋር ስላልቀዘፈ ነው አለው። በመጨረሻ የጀልባዋ ቀኝ እንዲሆን ተስማሙ፤ የሞት አዋጅ ግን በቀይ ሽርጥ እንዳይነገር ያፌት አጥብቆ አሳሰበ።

መንጋው በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። ገና ፀሐይዋ ከባሕሩ አንድ ክንድ ሳትርቅ ሎዲ ጥላውን በወሽመጡ አፍ አየው። ቀርከሃውን ወደ ጎን ዘረጋ። ጀልባዋ በቀስታ ዞረች። ቀጥ አደረገው፤ ቆመች። ሽርጡን መሬት ላይ አስተኛ፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ያለ ድምፅ ውሃ ውስጥ ሲነክሩ ከላይ ይታየዋል። ከጀልባዋ በስተቀኝ ውሃው ጠቆረ። እነሱ ምንም አያዩም፤ ያፌት ቀና ብሎ ወደ ኮረብታው ብቻ ይመለከታል። ሎዲ ያን ያህል ሰው ተማምኖበት እንደማያውቅ የገባው ያን ጊዜ ነው። ቀርከሃውን በክብ አዞረ።

መረቡ ተጣለ፣ ተከበበ፣ ውሃው እንደሚፈላ ድስት ተንተከተከ። ያፌት ሲጣራ በሩቁ ይሰማል፤ ቀጭን ድምፅ ነው፣ ግን እኩል ነበር የሚጎትቱት። ጀልባዋ እስከ ከንፈሯ ሞላች፤ መረቡ ግን ገና ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው። የያፌት ድምፅ ተዘጋ። ዐሥራ አራቱም ገመዱን ይዘው እንደተንጠለጠሉ ቀሩ፤ ቢለቁ ሁሉም ይሄዳል፣ ቢጎትቱ ትሰጥማለች።

ከኮረብታው በዚያ ወገን የጎረቤት መንደር የሃቱላ ጀልባ ነበረች። ከዋይላቱ ስትታይ ኮረብታው ይጋርዳታል፤ ለሎዲ ግን ሁለቱም ይታዩታል። ሎዲ አለቃ ሆኖ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሃቱላን ጀልባ ለእርዳታ ጠርቶ አያውቅም። መረብ ተቀዶበት ዓሣ ያመለጠበት ቀን እንኳ አልጠራም፤ ከሃቱላ ጋር ዓሣ ከምካፈል ለባሕሩ ብመልሰው ይሻለኛል ይል ነበር። አሁን ቀርከሃውን ጥሎ በቋጥኙ ላይ ዞረና በሁለት እጁ፣ ከሩቅ ወደ ደረቱ፣ ከሩቅ ወደ ደረቱ ይስብ ጀመር። የሃቱላ ሰዎች የሽርጡን ምልክት አያውቁም። ና ማለት ግን በየትኛውም መንደር ና ነው። መጡ፤ ኮረብታውን ዞረው የዋይላቱን ጀልባ ሲያዩ ምንም ሳይጠይቁ የመረቡን ሌላ ጫፍ ያዙ።

ሎዲ ወርዶ ባሕሩ ዳር ሲደርስ ሁለቱም ጀልባዎች ተጎትተው ወጥተዋል። ሴቶቹ በቅርጫት ላይ ቅርጫት ይደራርባሉ፤ ፊና ከሃቱላ ሴቶች ጋር ገና ካሁኑ በአከፋፈሉ ትከራከራለች። ያፌት ዓሣ የተሰካበት ዘንግ ይዞ መጣ። ደጃፍ ላይ አልሰቀለውም፤ በእጁ ዘረጋለት።

«የተመልካች ድርሻ ነው» አለ በተዘጋ ድምፁ። «ካነሰ ተናገር።»

ሎዲ ዘንጉን ተቀበለ። የአንዱን ዓሣ ጉንጭ በጣቱ ከፍቶ አየ፣ ሌላውን አገላበጠ፤ ከዚያ ፊቱን አጨማዶ፣ አነሰ በሚል ምልክት ጣቱን አወዛወዘ። ያፌት ሣቀ። እዚያው የኮኮናት ልጣጭ አንድደው ጠበሱና በሎሚና በበርበሬ እየነከሩ በሉ፤ የዋይላቱም የሃቱላም ሰው። መጋቢ ኖርቼ ወሬውን ሰምታ ስትመጣ ቦታ ለቀቁላት። ዛሬ ስብከት የለም፣ ለመብላት ብቻ ነው የመጣሁት አለችና ጣቷን አቃጠለች።

የተከታዩ እሁድ ንባብ የሉቃሱ ታሪክ ነበር። መጋቢ ኖርቼ እያነበበች መጥታ፣ ጠቀሱ ከሚለው ዘንድ ስትደርስ ቃሉን አልተናገረችውም፤ ቀና ብላ ወደ ፊተኛው አግዳሚ ወንበር ተመለከተች። ሎዲ ለጊዜው ግራ ገባው። ኋላ ተነሥቶ ወደ ሕዝቡ ዞረና እጁን ከሩቅ ወደ ደረቱ ሳበ። አሮጊቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ያ የዘካርያስ ቀልድ የቀለደው ሽማግሌ ደግሞ ከኋላ ተነሥቶ፣ የተጠራሁ መስሎኝ ነው ብሎ ወደ ፊት ሲመጣ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ሎዲም አጠገቡ አስቀመጠው።

ቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት ሲሞላው ሎዲ ለምርመራ ወደ አምቦን ተጠራ። ሐኪሙ አስቀድሞ፣ ዕጢው በዚህ ጊዜ ካልተመለሰ ከዚህ በኋላ የመመለስ ነገሩ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ፊና ሳምንቱን ሙሉ አልተኛችም። ድስት ታጥባ መልሳ ታጥባለች፣ ሻንጣ ትከታለች፣ ትፈታለች። ሎዲ ከጎኗ ተኝቶ መንቃቷን ያውቃል፤ ምን ብሎ ያጽናናት? በጨለማ ደብተር አይነበብም። እጇን ይዞ ያድራል።

ሐኪሙ ቀጭን መመልከቻውን አስገብቶ ረጅም ጊዜ አየ። ፎቶውን አየ፣ የቀድሞውን አወጣ፣ አስተያየ። ፊና ከግድግዳው ሥር ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች። በመጨረሻ ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀና ንጹሕ ነው አለ።

«እስኪ ይድገሙት» አለች ፊና።

ንጹሕ ነው፣ ምንም የለም አለ። አንዴ እንዲደግመው እንደገና ለመነችው። ሐኪሙ ሣቀና ቀስ ብሎ፣ እንደ መዝሙር ቃል በቃል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ነገራት። ፊና ዓሣ ስትሸጥ የማይበገር አፏ ያን ቀን ተሳሰረ፤ አመሰግናለሁ ማለት እንኳ አቃታት። ያመሰገነው ሎዲ ነው፤ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

ከወደቡ አጠገብ የተጠበሰ ሙዝ ገዝተው በሉና የከሰዓቱን ጀልባ ያዙ። ሎዲ ውሃው እንዳይረጨው በመካከል ተቀመጠ፣ በአንገቱ ጨርቅ ላይ ሌላ ፎጣ ጠመጠመ። ፊና ገና ከወደቡ ሳይርቁ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች፤ ወዲያው አፏን ከፍታ ተኛች፤ ማንኮራፋቷ ከሞተሩ በላይ ይሰማ ነበር። ተሳፋሪዎቹ እየተያዩ ፈገግ አሉ። ሳፓሩዋ ታየች፣ ኮረብታው ታየ፣ በድንጋዩ መወጣጫ ላይ ያፌት ቆሞ እጁን ከዓይኑ በላይ ጋርዶ ሲያያቸው ታየ። ሎዲ በነፃ እጁ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አሳየው። ያፌት ይህን አይቶ እዚያው ቁጭ አለ።

ጀልባዋ ታሰረች። ሰው ሁሉ ዕቃውን እያነሣ ወረደ። ጀልባ ነጂው መጥቶ እንዲቀሰቅሳት ሎዲን ቢጠቅሰው፣ ሎዲ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ነጂውም ገባው፤ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን አንሥቶ ተቀመጠና እስክትነቃ ጠበቀ።